አዲሱ የካታሎግ ደንብ እና የእኛ መጻሕፍት፦ ከአንድ የጎጃም ካታሎግ ክፍል የተጻፈ መመሪያ

አንድ ተማሪ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ቤተ መጻሕፍታችን መጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፈልጎ ነው። መፈለጊያው ላይ «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ምንም የለም አለው። ልጁ ዞር ብሎ «የለም እንዴ?» ሲለኝ መጽሐፉ ከጀርባው ሼልፍ ላይ ሦስት ሆኖ ተደርድሯል። የጎጃምን ሰው መጽሐፍ ጎጃም ውስጥ አጣነው። አፈርኩ።

መዝገቡ ስህተት የለበትም። የገባው «ሐዲስ ዓለማየሁ» ተብሎ ነው። ግን ኀን እንኳ ብንተወው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ አራት ናቸው። አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓም አራት ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ፊደላት ብቻ ብንቆጥር እንኳ አንዱ ስም 16 ዓይነት ይጻፋል። ተማሪው ከ16ቱ አንዱን መረጠ፣ እኛ ሌላውን።

ወደ አዲሱ ደንብ፣ ወደ አርዲኤ ስንሸጋገር ሁላችንንም ያስጨነቀን እንግሊዝኛው ነበር። ሥራው ውስጥ ስገባ ግን ደንቡ እንደተወራለት አልከበደኝም። የሚከብደው ደንቡ ለእናንተ የተወላችሁ ነገር ነው፦ የፊደሉ፣ የዓመተ ምሕረቱ፣ የስሙ፣ የማተሚያ ቤቱ ጉዳይ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ግማሹ ስለ ደንቡ ነው፤ ግማሹ ስለ አንድ ደብተር።

መጀመሪያ፣ ምን ተቀየረ?

አብዛኞቻችን የተማርነው በቀድሞው የካታሎግ ደንብ፣ በኤኤሲአር 2 ነው። የወጣው በ1978 ነው፤ የደንቦቹን ዓመት የማስቀምጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ። የተሠራው ካርድ ታስቦ ነው። የካታሎግ ካርድ 7.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር ናት። ቦታ የላትም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይቆረጣል። ገጽ «ገ.» ይሆናል። ደራሲዎቹ ከሦስት ከበለጡ የመጀመሪያው ብቻ ይጻፍና ሌሎቹ «እና ሌሎች» ውስጥ ይቀበራሉ።

አርዲኤ በ2010 ወጣ። የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ በሙሉ የገባበት በማርች 31 ቀን 2013 ነው። ከዚያ ደግሞ በዲሴምበር 2020 መሣሪያው፣ ማለትም ደንቡ የሚነበብበት ድረ ገጽ፣ እንደ አዲስ ተጽፎ ወጣ፤ አዳዲስ ቃላትም ይዞ መጣ። አትደንግጡ። በዕለት ሥራችን የምንሞላው የማርክ መዝገብ፣ ማለትም ኮምፒውተር የሚያነበው የካታሎግ ቅጽ፣ ብዙም አልተለወጠም።

የአርዲኤ ጠባይ በሦስት ነገር ይያዛል። ያያችሁትን እንዳያችሁት ጻፉ። ሳታሳጥሩ ጻፉ። ማን ከምን ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ተናገሩ፤ ደራሲ ነው፣ ተርጓሚ ነው፣ አርታዒ ነው።

ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። ማርክ 21 እና አርዲኤ አንድ አይደሉም። ማርክ ሌማቱ ነው። አርዲኤ ሌማቱ ላይ ምን እንደሚቀርብና እንዴት እንደሚቀርብ ይናገራል። ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ደግሞ ሌማቱ የሚቀመጥበት ጓዳ ነው። «ማርክን ትተን ወደ አርዲኤ ገባን» የሚል ሪፖርት አንድ ጊዜ አንብቤያለሁ። ሌማቱን ጥለው እንጀራውን መሬት ላይ አነጠፉት ማለት ነው።

1. ደብተር ግዙ

ቀልዴን አይደለም። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ሽፋኑ ላይ «የውሳኔ ደብተር» ብላችሁ ጻፉ። ደንቡ «እንደ ተቋሙ ምርጫ» ባለ ቁጥር ምርጫችሁን እዚያ ትጽፋላችሁ። ቀን ይኑረው፣ ሁሉም ይፈርምበት።

ለምን? እኔና የሥራ ባልደረባዬ አንድ መጽሐፍ በተለያየ ቀን አስገባን። እኔ «2005» ብዬ ጻፍኩ። እሷ «2012» ብላ ጻፈች። እኔ ያየሁትን አስቀመጥኩ፣ እሷ ወደ ፈረንጅ ለወጠችው። ካታሎጉ ላይ ሁለት የተለያየ እትም ሆነው ቁጭ አሉ። አንዱ መምህር «አዲሱን እትም ስጡኝ» ብሎ ሲመጣ ነው የገባን። የትኛችንም አላጠፋንም። የተስማማንበት ነገር አልነበረም እንጂ።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ፦ የገለጻ ቃላቶቻችን በምን ቋንቋ ይሁኑ? «184 ገጽ» ነው ወይስ እንግሊዝኛው? ደንቡ ለተቋሙ ይተወዋል። የኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ አንባቢው በአማርኛ የሚፈልግበት የሕዝብና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አማርኛ ቢጠቀም ያምርበታል። መዝገብ ከውጭ እየቀዳ ለሌሎችም የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ግን እንግሊዝኛውን ቢይዝ ይቀለዋል። የመረጣችሁት ቋንቋ ታግ 040 ሰብፊልድ ቢ ላይ በኮድ ይገባል (ታግ የማርክ መዝገብ ቁጥር ያለው መስመር ነው፤ ሰብፊልድ የመስመሩ ንዑስ ክፍል)። ዋናው ግን ዛሬ አማርኛ ነገ እንግሊዝኛ አለመሆኑ ነው።

2. ቀን ቁረጡ፣ የድሮውን አትንኩ

አለቃ ሁሉ የሚጠይቀው መጀመሪያ ይህን ነው፦ «የድሮዎቹን መቼ ታስተካክላላችሁ?» መልሱ «አናስተካክልም» ነው። ኤኤሲአር 2 እና አርዲኤ መዝገቦች አንድ ካታሎግ ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ። ትልልቆቹ ቤተ መጻሕፍትም እንደዚያው ነው የሚኖሩት።

ቀን ምረጡ። መስከረም 1 ቢሆን ለማስታወስ ይመቻል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባው ሁሉ በአዲሱ ደንብ ይገባል። የድሮ መጽሐፍ ለሌላ ጉዳይ እጃችሁ ላይ ከገባ ብቻ፣ ያኔ መዝገቡን ታድሱታላችሁ።

አዲሱን ከአሮጌው የሚለዩት ሁለት ምልክቶች ናቸው። ታግ 040 ሰብፊልድ ኢ ላይ በላቲን ትናንሽ ፊደላት «አርዲኤ» ተብሎ ይጻፋል። ሊደሩ ላይ፣ ማለትም የመዝገቡ መጀመሪያ ላይ ባለው የኮድ መስመር፣ ደግሞ 18ኛው ቦታ ድሮ «ኤ» የነበረው «አይ» ይሆናል። እነዚህን ረስታችሁ የቀረውን በሙሉ ብታሟሉ፣ መዝገባችሁን የሚቀዳ ሰው በየትኛው ደንብ እንደተሠራ አያውቅም።

3. ኮሃን አሰናዱ

ኮሃ ኒው ዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ሥራ የጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ለእኛ የሚጥመኝ ነገሩ ኔት ሲጠፋ አለመቆሙ ነው። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ካለ በውስጥ መስመር ይሠራል። ኔት ለረጅም ጊዜ መጥፋቱን ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አስተዳደር ገጹ ላይ ገብታችሁ የማርክ ፍሬምዎርኮችን ክፈቱ። መጀመሪያ ያለውን ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ሥሩ። ዋናውን አትነካኩ።

ታግ 260ን ደብቁና 264ን አውጡ። 336፣ 337 እና 338ን አውጡ። እነዚህ ሦስቱ ድሮ ታግ 245 ሰብፊልድ ኤች ላይ በቅንፍ ይገባ የነበረውን የቁስ ዓይነት ይተካሉ። 336 ይዘቱ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ጽሑፍ ነው፣ ንግግር ነው፣ ካርታ ነው። 337 ለማንበብ ወይም ለመስማት መሣሪያ ያስፈልግ እንደሆነ ይናገራል። 338 ዕቃው ራሱ ምን እንደሆነ ይናገራል። ለተራ መጽሐፍ ሦስቱም ሁልጊዜ አንድ ስለሆኑ፣ ጽሑፍ፣ ያለ መሣሪያ፣ ጥራዝ የሚሉትን ፍሬምዎርኩ ውስጥ ቀድማችሁ አስገቡ። ከዚያ በኋላ እጃችሁ አይነካቸውም።

አንድ የተደበቀ ወጥመድ ልንገራችሁ። በቆየ ኮሃ ላይ አሳታሚው ወደ ሪፖርት የሚሄደው ከ260 ነው። 264 ስትጀምሩ መዝገቡ ሞልቶ ሳለ ሪፖርታችሁ ላይ የአሳታሚው ዓምድ ባዶ ይወጣል። የኮሃና የማርክ ማዛመጃ የሚለው ገጽ ላይ 264ን ጨምሩበት። እኛ ያወቅነው የዓመቱ ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ነው።

4. አንድ መጽሐፍ አብረን እናስገባ

ለልምምድ መጽሐፍ እንፍጠር። «የጤፍ አዝመራ በጎጃም» ይባል። የርዕስ ገጹ ላይ «በእገሌ፣ በእገሊት፣ በእከሌ እና በእከሊት» ይላል። ጀርባው ላይ «ሁለተኛ እትም፣ ጥቅምት 2009 ዓ.ም.»፣ «አሳታሚዎች፦ ደራሲዎቹ፣ ባሕር ዳር»፣ ከታች ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ስም አለ። 184 ገጽ ነው፣ ፎቶ አለው፣ ቁመቱ 21 ሴንቲ ሜትር።

በድሮው ደንብ ደራሲዎቹ አራት ስለሆኑ ዋናው መግቢያ በርዕስ ይሆናል። «በእገሌ [እና ሌሎች]» ይባልና እገሊት፣ እከሌና እከሊት ይጠፋሉ። እከሊት መጽሐፏን ፈልጋ ብትመጣ አታገኘውም። በአዲሱ ግን እንዲህ ነው (አመልካች ማለት ከታጉ ቀጥላ የምትገባ አንዲት ቁጥር ናት)፦

ታግ 100፦ እገሌ፣ ደራሲ
ታግ 245፦ የጤፍ አዝመራ በጎጃም / በእገሌ፣ በእገሊት፣ በእከሌ እና በእከሊት
ታግ 250፦ ሁለተኛ እትም
ታግ 264፣ ሁለተኛ አመልካች 1፦ ባሕር ዳር ፦ ደራሲዎቹ፣ 2009 [2016]
ታግ 264፣ ሁለተኛ አመልካች 3፦ አዲስ አበባ ፦ የማተሚያ ቤቱ ስም
ታግ 300፦ 184 ገጽ ፦ ፎቶዎች ፤ 21 ሴ.ሜ
ታግ 700፣ ሦስት ጊዜ፦ እገሊት፣ ደራሲ። እከሌ፣ ደራሲ። እከሊት፣ ደራሲ

«በ» የምትለዋን ፊደል እዩዋት። 245 ላይ አለች፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ላይ አለች። 100 እና 700 ላይ የለችም። ይህን የሚስት ሰው ብዙ ነው። ደራሲዎቻችን «በ» ወይም «ከ» እያሉ ስለሚጽፉ፣ የአንዳንድ ቤተ መጻሕፍት የደራሲ ዝርዝር ግማሹ «በ» ሥር ተከማችቶ ታገኙታላችሁ።

እትሙም እንደተጻፈው ነው። «ሁለተኛ» ካለ «2ኛ» አትበሉት። «2ኛ» ካለ ደግሞ «ሁለተኛ» አትበሉት። የ245 ሁለተኛው አመልካች ለአማርኛ ርዕስ ሁልጊዜ 0 ነው። እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» በፊደል ተራ የሚዘለል ቃል የለንምና። እዚህ ላይ እንኳ ቀሎልናል።

አሳታሚ እና አታሚ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ካታሎጎቻችን በጣም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። አማርኛ መጽሐፍ በብዛት የሚያሳትመው ደራሲው ራሱ ነው። ገንዘቡን ያወጣል፣ ማተሚያ ቤት ይወስዳል፣ አሳትሞ ይሸጣል። መጽሐፉ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የማተሚያ ቤቱ ስም ነው። ካታሎገሩ ያንን አንስቶ አሳታሚ ያደርገዋል። በየካታሎጉ «ብርሃንና ሰላም» በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ አሳታሚ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ታግ 264 በሁለተኛ አመልካቹ ይለያቸዋል። 1 አሳታሚ ነው። 2 አከፋፋይ ነው። 3 አታሚ ነው። 4 የቅጂ መብት ዓመት ነው። አሳታሚው ጨርሶ ካልተጻፈ አትገምቱ። «[አሳታሚው አልተገለጸም]» ብላችሁ በማዕዘን ቅንፍ ጻፉና አታሚውን በ3 አስገቡ። ድሮ በላቲን ምህጻር የምንጽፋት ነገር አሁን በሙሉ ቃል ሆነች ማለት ነው።

ዓመተ ምሕረት

ደንቡ የሚለው ይህ ነው፦ መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ጻፉ፣ ከጎኑ የግሪጎርያኑን በማዕዘን ቅንፍ መጨመር ትችላላችሁ። እኛን የቸገረን የእኛ ዓመት ሁለት የፈረንጅ ዓመት ላይ መቀመጡ ነው።

ወሩ ከታወቀ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ይደመራል። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ወሰኑ በአንድ ቀን ይቀድማል፤ መጽሐፍ ላይ ቀን ስለማይጻፍ ግን ብዙም አይነካችሁም። «ጥቅምት 2009» 2016 ነው። «መጋቢት 2009» ደግሞ 2017። ታኅሣሥ ራሱ ሲመጣ ሁለቱንም ጻፉ።

ወሩ ካልታወቀስ? ሁለቱም ይጻፋሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ነው። መጽሐፉ ላይ ወር ካላገኛችሁ «1958 [1965 ወይም 1966]» ይሆናል። ታግ 008 ላይ እኛ ቤት የዓመቱን ዓይነት «ኪው» በሚለው ኮድ እንመዘግብና ሁለቱን የግሪጎርያን ዓመታት በተርታ እናስገባለን። ኮምፒውተሩ በዓመት ሲደረድር የሚያየው ይህን ነው። 008 ላይ 1958ን እንዳለ ካስገባችሁት መጽሐፉ ከፈረንጆቹ የ1958 መጻሕፍት ጋር ይሰለፋል።

ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ከሆነ፣ ፲፱፻፶፰ ካለ፣ እኛ በተራው ቁጥር እንጽፈዋለን። ይህም ደብተሩ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. የሚል ካለበት ግን ተጠንቀቁ። ምንም ሳይል 2009 ብቻ ካለስ? መቅድሙን አንብቡ። ደራሲው መቅድሙ ሥር ወርና ዓመት ጽፎ መፈረሙ አይቀርም።

ስም

ኢትዮጵያዊ ስም አይገለበጥም። ሰውየው አበበ ከበደ ከሆነ «አበበ ከበደ» ነው፤ «ከበደ፣ አበበ» የሚባል ሰው የለም። ከበደ አባቱ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ልጁ ነው። ስለዚህ የታግ 100 የመጀመሪያው አመልካች 0 ይሁን። ኮሃ ከመጀመሪያው 1 አስገብቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ እሱ ለቤተሰብ ስም ነው።

አበበ ከበደ ስንት እንዳለ ደግሞ ፈጣሪ ይወቀው። ሁለተኛው ሲመጣ የአያት ስም ጨምሩ። የአያት ስም ካልተገኘ የልደት ዓመት ወይም ሙያ ይለያቸዋል።

ማዕረግ ሌላ ነገር ነው። ድሮ 245 ላይ «ዶ/ር»፣ «መምህር» የሚለውን እንቆርጠው ነበር። አሁን የርዕስ ገጹ ላይ ካለ ይጻፋል። 100 ላይ ግን «ዶ/ር» አይገባም፤ አለበለዚያ ያው ሰው ዶክተር ሳይሆን የጻፈውና ከሆነ በኋላ የጻፈው ሁለት ቦታ ይለያያል። «አለቃ» እና «ደጃዝማች» ግን ከስም ጋር የተጣበቁ ናቸው። ሕዝቡ በዚያ የሚያውቃቸውን በሰብፊልድ ሲ እናስገባቸዋለን።

ፊደል፣ ዋናው ጣጣ

ወደ ልጁ ልመለስ። አርዲኤ ያያችሁትን ጻፉ ይላል። ርዕሱ «ፀሐይ» ካለ «ፀሐይ» ነው። «ጸሃይ» ካለ «ጸሃይ» ነው። በግልጽ ስህተት ቢሆን እንኳ 245 ላይ አይታረምም። የታረመው ታግ 246 ላይ ይገባል። ይህ ለመዝገብ ታማኝነት ጥሩ ነው። ለፈላጊው ግን ጣጣ ነው። በእንግሊዝኛ መዝገብ የተሳሳተ ፊደል አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሁሉም አጻጻፍ ትክክል ነው።

ያደረግነውን ልንገራችሁ። ደብተሩ ላይ «ወጥ ፊደል» የምንለውን ወሰንን። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። ሃ እና ሓ ሀ ይሆናሉ፤ ኣ እና ዓ አ ይሆናሉ። ርዕሱ ከእነዚህ ፊደላት አንዱ ካለበት፣ በወጥ ፊደል የተጻፈውን 246 ላይ እንጨምራለን። የመጀመሪያው አመልካች 3 ይሁን፤ ይፈለጋል፣ ማስታወሻ ሆኖ ግን አይታይም። ለደራሲ ስም ደግሞ የስም ማረጋገጫ መዝገብ ከፍታችሁ ሌሎቹን አጻጻፎች ታግ 400 ላይ አስገቡ። 16ቱንም አይደለም። ሰው በእውነት የሚጽፋቸው ሦስት አራት ናቸው።

ከዚህ የሚሻል መንገድም አለ፤ የሰርቨር ሰው ይፈልጋል እንጂ። ኮሃ የሚፈልግበት ዜብራ የሚባለው ክፍል አይሲዩ በሚባል ዘዴ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። እዚያ ውስጥ ሐና ኀን እንደ ሀ ቁጠር የሚል ሕግ ይጻፋል። ከዚያ ማውጫው እንደ አዲስ ይገነባል። መዝገቡ እንዳለ ይቆያል፣ ፍለጋው ብቻ ፊደላቱን ያስታርቃል። የሚያውቅ ባለሙያ ካገኛችሁ በቡና ብቻ አትለቁት።

ባዶ ቦታም ፊደል ነው። «ደብረ ማርቆስ» እና «ደብረማርቆስ» ለኮምፒውተር ሁለት ከተማ ናቸው። «ደብረ ወርቅ»ም እንዲሁ። እኛ ለርዕሰ ጉዳይ ሁልጊዜ ለያይተን እንጽፋለን። የድሮ መጽሐፍ በሁለት ነጥብ «፡» ቃላቱን ከለየ ደግሞ ነጥቡን በባዶ ቦታ እንተካዋለን።

አንድ ድርሰት፣ ብዙ መልክ

አርዲኤ የቆመው በአራት ደረጃ ነው። በወረቀት ሲያነቡት ያደክማል፤ በአንድ መጽሐፍ ሲያዩት ግን ወዲያው ይገባል። ሐዲስ ዓለማየሁ የፈጠሩት ታሪክ፣ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ያሉበት፣ ድርሰቱ ነው። ይህ ድርሰት በአማርኛ ጽሑፍ አለ። በእንግሊዝኛ ትርጉም አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ያነበበውም አለ። እነዚህ የድርሰቱ መገለጫዎች ናቸው። የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ በተለያየ ጊዜ ታትሟል፤ እያንዳንዱ እትም ሌላ ነው። እኛ ሼልፍ ላይ ያለው፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያዘው፣ ቡና የፈሰሰበት ደግሞ ቅጂ ነው።

መዝገብ የሚሠራው ለእትሙ ነው። አዲስ እትም ሲመጣ የድሮው መዝገብ ላይ ባርኮድ ብቻ አትጨምሩ። ቡናው የፈሰሰበት ጉዳይ ቅጂው ላይ ብቻ ይጻፋል። የወጋየሁን ንባብ በሲዲ ካገኛችሁ 336 ንግግር፣ 337 ድምፅ፣ 338 የድምፅ ዲስክ ይሆናል፤ ወጋየሁ በ700 ተራኪ ተብሎ ይገባል።

ብራና ሌላ ሙያ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ወይም መርጡለ ማርያም አካባቢ ላላችሁ፣ የርዕስ ገጽ የሌለውን መጽሐፍ በዚህ መመሪያ አትጀምሩት።

ከሌላ መቅዳት፣ በጅምላ መለወጥ

ካታሎጎች መዝገብ በሚለዋወጡበት ዘዴ፣ በዜድ 39.50፣ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጽሐፍ መዝገብ ስትቀዱ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይመጣላችኋል። አንዳንዱ ታግ 880 ላይ የግእዙን ፊደል ይዟል፣ አንዳንዱ አልያዘም። ማርክ ግእዙን ብቻ 245 ላይ ማስገባትንም ይፈቅዳል። እኛ እንደዚያ እናደርጋለን። የላቲኑን አንጥለውም፣ 246 ላይ እናኖረዋለን።

አሮጌ ፋይል ላይ አማርኛው ጥንቆላ መስሎ ከታያችሁ የተጻፈው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በፊት በነበረ ፎንት ነው። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፎንቱን መጫን መፍትሔ አይሆንም፤ ጽሑፉ መለወጥ አለበት። ለዚህም ሆነ ለሌላ የጅምላ ሥራ ማርክኤዲት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይረዳል። የድሮ መዝገብ ላይ የአርዲኤ ታጎችን የሚጨምር መሣሪያም አለው።

ግን መጀመሪያ ባክአፕ። ከዚያ በ10 መዝገብ ሙከራ። እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። «ገ.» የሚለውን ሁሉ «ገጽ» በል ብዬ አዘዝኩት፣ በታግ 300 ብቻ ሳልወስነው። ታዛዥ ነው። «ገ.ማርያም» የሚባሉ ደራሲዎች በሙሉ «ገጽማርያም» ሆነው አደሩ።

ሰዎቹ

ክፍላችን ውስጥ ካርድ በታይፕራይተር ሲጽፉ ያረጁ አንድ ጋሼ ነበሩ። አርዲኤ ሲባል እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። «ወንድምዓለም፣ ይሄ ደግሞ ስንተኛው ነው? ይህንንም ተምረን ሳንጨርስ ሌላ ያመጣሉ» አሉኝ። አልተሳሳቱም።

ስላይድ አሳየናቸው፣ አልሠራም። የሠራው አርብ ከሰዓት ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ አንድ መጽሐፍ፣ ሁላችንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ። መጽሐፉን ክፍላችን ውስጥ የከበደው ሰው ያመጣዋል። ተከራክረን የወሰንነው ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። ጋሼ ደብተሩን የሚጽፉት እሳቸው ሆኑ፤ የእጅ ጽሕፈታቸው እንደ ቁም ጸሐፊ ነው። ስለ አሳታሚና አታሚ ያለው ገጽም የእሳቸው ሐሳብ ነው። የትኛው ማተሚያ ቤት መቼ ምን እንዳተመ እሳቸው ነበሩ የሚያውቁት።

የአርዲኤ መሣሪያ ሙሉ ቅጂ በክፍያ ነው። ክፍያው ካልተቻለ የማርክ 21 ሰነዱና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሥልጠና ጽሑፎች በነጻ አሉ። ኔት ባለበት ቀን አውርዷቸው፣ አትሟቸው።

በወሩ መጨረሻ ደግሞ ፈተና አለን። አንዳችን ከሼልፍ 10 መጻሕፍት በጭፍን ያነሳል። ሌላው ተማሪ ሆኖ እንደ ተማሪ ይጽፋል፤ «ሀዲስ አለማየሁ»፣ «ደብረማርቆስ»፣ «ጸሀይ» እያለ። ያልተገኘው መጽሐፍ ለአርብ ጠረጴዛ ይቀርባል። ባለፈው ወር ሁለቱ አልተገኙም። አንደኛውን ያስገባሁት እኔ ነበርኩ፤ ጋሼ ስሜን ደብተሩ ላይ በቀይ ጽፈውታል።